ትእዛዝ አንቀጽ

"አንዴ ብቻ ይክፈቱልኝ፣ አባባ። አንዲት ማንኪያ ናት።"

አባቷ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። ሾርባው ከማንኪያው ጫፍ ተንጠባጥቦ ደረታቸው ላይ የተነጠፈው ፎጣ ላይ አረፈ። ልጃቸው ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለሰችና የዛለ ክንዷን ጭኗ ላይ ጣለች። ከትናንት ጀምሮ ከውሃ በቀር በአፋቸው የዞረ ነገር የለም። ውሃውም ቢሆን ግማሹ በአገጫቸው ነው የሚወርደው።

"እሺ፣ ማንኪያው ይቅር። ከሳህኑ ይጠጡት።"

ዐይናቸው ከግድግዳው አልተነሣም።

መኪና መንዳት አሰልጣኝ ናት። ሥራዋ ከማታውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ማዘዝ ነው፤ ማርሽ ቀይር፣ ፍሬን ያዝ፣ ቀስ በይ፣ ወደ ቀኝ ያዢ። የመሥሪያ ቤት አለቃም ሆነ ጢሙ ገና ያላጎነቆለ ጎረምሳ፣ መሪ ከጨበጠ እሷ ያለችውን ያደርጋል። አባቷ ቤት ግን አንድ አዛውንት አፋቸውን ማስከፈት አቅቷት ቁጭ ብላለች።

አባቷ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ከወደቁ ወዲህ የሰው ንግግር አይገባቸውም። "ጆሯቸው ደህና ነው" ብሏት ነበር ሐኪሙ። "ግን እኔና አንቺ የምናወራው ለሳቸው እንደ ባዕድ አገር ሬዲዮ ነው። ሊመለስላቸው ይችላል።" 'ይችላል' የምትለዋን ወለሉን እያየ ነው ያላት።

በሩ ተንኳኳ። መነጽር ሻጩ ነበር። አባቷ የወደቁ ዕለት የተሰበረውን መነጽራቸውን ለማሠራት ሱቁ ወስዳለት፣ የማን እንደሆነ ሲሰማ፣ "እኔው ራሴ አመጣዋለሁ፤ አስተምረውኛል" ብሏት ነበር። አሁን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ አርፍዶ እንደመጣ ተማሪ ደፉ ላይ ቆሟል።

"ይግቡ እንጂ፣ ጋሼ።"

"ተኝተው ከሆነ ልመለስ።"

"አልተኙም። አኩርፈውኝ ነው።"

ገባ። ጎንበስ ብሎ መነጽሩን በጥንቃቄ አደረገላቸውና ወደ ኋላው ሁለት እርምጃ ሸሸት አለ። አዛውንቱ በመነጽሩ ውስጥ አዩት፤ ከዚያ ዐይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

"ነጎድጓድ ነበር የምንላቸው" አለ በሹክሹክታ። "ይቅርታ፣ አባትሽ መሆናቸውን ዘነጋሁት።"

"እቤትም ነጎድጓድ ነበሩ።"

ሳቅ አለና ወንበር ሳበ። ካህናት በሚያስተዳድሩት የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ላቲን ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ፤ እሱም ከሳቸው ክፍል አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ወድቋል። "ሳነብ እያጉተመተምኩ ነው የማነበው። ካፌ አይወጣም። እሳቸው ታዲያ ከኋላዬ ይመጡና አናቴ ላይ ቆመው..." ድምፁን አጎረነነ። "አፔሪ ኦስ።"

የአዛውንቱ አፍ ተከፈተ።

ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። አፉ እንደተከፈተ ነው፤ ሰፊ፣ ታዛዥ።

"ምንድነው ያሉት?" አለች ልጃቸው።

"አፍህን ክፈት። ስጫቸው እንጂ፣ እንደተከፈተ።"

ሾርባውን አስገባችው። አፉ አልተገጠመም፤ ድንቹ ምላሳቸው ላይ ቁጭ ብሏል። መነጽር ሻጩ ግንባሩን እያሸ ጥቂት አሰበ። "ማንዱካ" አለ በመጨረሻ። "አኝክ።" አዛውንቱ ማኘክ ጀመሩ። ያን ቀን ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ መነጽር ሻጩ ለምሳ ሱቁን ሲዘጋ ጎራ ይል ጀመር። ማእድ ቤት ውስጥ ቆመው፣ እሷ ዕቃ እያጠበች፣ እሱ እያደረቀ ያስተምራታል።

"ግጥሙን ረስቼዋለሁ። ታሪኩን ረስቼዋለሁ። ትእዛዙ ብቻ ነው የቀረኝ" ይላል። "ጠዋት ማታ ሲጮህብሽ የኖረ ነገር እንዴት ይረሳል? ስሚ፣ ከባድ አይደለም። ከግሱ መጨረሻ 'ሬ' የምትለዋን ቁረጪ፣ የቀረው ትእዛዝ ነው። ሴዴሬ፣ መቀመጥ። ሴዴ፣ ተቀመጥ። ሱርጄሬ፣ መነሣት። ሱርጄ፣ ተነሣ።"

"መጠጣትስ?"

"ቢቤሬ። እስቲ ቁረጪው።"

"ቢቤ።"

"ጎበዝ። እኔ እዚች ለመድረስ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ለብዙ ሰው ስትናገሪ ደግሞ 'ቴ' ትጨምሪበታለሽ፤ ሴዴቴ፣ ተቀመጡ። ዲክ፣ ዱክ፣ ፋክ፣ ፌር፣ ማለትም በል፣ ምራ፣ አድርግ፣ አምጣ፣ ግን መጨረሻቸው ላይ 'ኤ' የምትል ጅራት የላቸውም። እነሱ ላይ ጅራት ቀጥዬ በማስመሪያ የተመታሁት ዛሬም ይሰማኛል።"

ብርጭቆውን አጥባ አቀበለችው። "ለትልቅ ሰው ሲሆንስ?"

"እንዴት ለትልቅ ሰው?"

"አንቱታው።"

"የለውማ። ለንጉሡም 'ና' ነው፣ ለውሻውም 'ና' ነው።"

"እና አባቴን 'ተነሣ' ልበላቸው?"

"በላቲን እኮ ነው፤ አይሰማሽም።"

"ይሰማኛል" አለች።

በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ቀን 'አንተ' ብላቸው አታውቅም። ሲቆጧት እንኳ፣ ከቤት ወጥታ ልትሄድ ሻንጣዋን በያዘችበት በዚያ በመረረው ዓመት እንኳ፣ "ይተዉኝ" ነበር ያለቻቸው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት የራሷን ብልሃት ፈጠረች። ብዙ ቁጥሩ አንቱታውንም ይሸፍንልኛል ብላ፣ አባቷ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው እንደቆሙ ወንበራቸውን አቀረበችና በትሕትና፣ "ሴዴቴ፣ አባባ" አለቻቸው።

አዛውንቱ አልተቀመጡም። ወደ ግራ ዞረው አዩ፤ ወደ ቀኝ ዞረው አዩ። ከኋላቸውም ተመለከቱ። ሌሎቹ የት እንዳሉ እየፈለጉ ነው። ከሌሎቹ ቀድሞ መቀመጥ ነውር እንደሆነ ሁሉ የአልጋውን ጠርዝ እንደያዙ ጠበቁ። ልጃቸው መጀመሪያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ሳቋ መሃል ላይ ምን እንደነካው አታውቅም፣ ዐይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ "ሴዴ" አለች። ተቀመጥ። አባቷ ተቀመጡ።

በሳምንቱ ውስጥ ቤቱ መልክ ያዘ። አባቷ ይበላሉ፣ ይነሣሉ፣ ግድግዳ እየተደገፉ መታጠቢያ ቤት ይሄዳሉ። "ቬኒ" ስትል ይመጣሉ፤ "ዶርሚ" ስትል ዐይናቸውን ይከድናሉ። ያስደስታት ነበር፤ ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነም። ያላዘዘችውን ነገር አያደርጉም። ብርጭቆ ስታስጨብጣቸው 'ቢቤ' እስክትል እንደያዙት ይቆያሉ፣ ቢጠማቸውም። አንድ ቀን ስልክ ስታነሣ 'ዋጥ' ማለቱን ዘንግታ ስትመለስ፣ ያንኑ አንድ ጉርሻ እያኘኩ አገኘቻቸው። አፋቸው ውስጥ ምንም አልቀረም፤ መንጋጋቸው ግን ይሠራል።

ታላቅ ወንድሟ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከሌላ ከተማ፣ የሕንጻ ዕቃ ከሚያመላልስበት ሥራ ነጥሎ በወሰዳት አንድ ቀን። ከአባቱ ጋር ድሮም አይስማማም፤ 'ልጄ እኔ ክፍል ይገባል' ሲሉት እንቢ ብሎ መካኒክነት የተማረ፣ ከዚያም ለዓመታት ደጃቸውን ያልረገጠ ሰው ነው። ሲታመሙ ግን ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር። የሆስፒታሉንም የከፈለው እሱ ነው።

አባቱ በራሳቸው እግር ከመኝታ ቤት ወጥተው፣ እህቱ 'ሴዴ' ስትል ሲቀመጡ ባየ ጊዜ ጫማውን ለማውለቅ ያጎነበሰው እንደጎነበሰ ቀረ።

"ያልሻቸውን ሁሉ ያደርጋሉ?"

"ቃሉን ካወቅኩት።"

ሻይ ቀዳችለት፤ አልነካውም።

"ሰነድ አረጋጋጩ ነገ ከሰዓት እዚሁ ድረስ ይመጣል" አለ ቀስ ብሎ። "ውክልናውን ከፈረሙልን ቤቱን እንሸጣለን። ነርስ ያለበት ጥሩ ማረፊያ አይቼላቸዋለሁ፤ ግቢው አትክልት አለው። አንቺም ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ።"

"ምን እንደሚፈርሙ አያውቁም፣ ወንድም ጋሼ።"

"ምን እንደሚበሉስ ያውቃሉ? አብልተሻቸው የለም?"

ያልተነካውን ስኒ ወደሱ ገፋ አደረገችው።

"ላቲኑ 'ፈርም' የሚል ቃል አለው?"

"'ጻፍ' አለ።" ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የተጸጸተችው። "ስክሪቤ።"

"በቃ፣ እሱን ነው የምትያቸው።" ድምፁ ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። "እኔ ክፉ አይደለሁም፣ እህቴ። አይተሽኛል። ግን አንቺን ራስሽን በመስታወት አይተሻል? የማሰልጠኛው ሰዎች ሰኞ ካልገባች መኪናዋን ለሌላ አሰልጣኝ እንሰጣለን አላሉሽም?"

ብለዋታል። ያውም ሲያዝኑላት፣ በጣም ታግሠው። ያቺን መኪና ታስባታለች፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ከጎኗ አንድ የሚፈራ ሰው ይዛ፣ በሰፊው መንገድ ላይ። "አስብበታለሁ" አለችው። ወንድሟ ለማደር እንግዳ ማረፊያ ወዳለበት ሰፈር ሄደ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቷ ማጉረምረም ጀመሩ። ላቲኑ ወደ ቤቱ ከገባ ወዲህ ያመጡት ነገር ነው፤ ዘፈን የማይሆን፣ ጸሎትም የማይሆን፣ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ እያገላበጡ እንደ መፍተል ያለ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የሚጀምሩት። ሌላ ቀን ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ግን የወንድሟ ቃል ጭንቅላቷን ይወቅረዋል፣ ወተቱ ገንፍሎ ምድጃውን አጥፍቶታል፣ ጋዙ ይሸታል፣ ከዚያ ክፍል ደግሞ ያ ድምፅ አያቆምም።

በሩ ላይ ቆማ፣ "ታቼ" አለች። ዝም በል።

ድምፁ ተቆረጠ።

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። ምድጃውን ጠርጋ፣ መስኮት ከፍታ፣ ሌላ ወተት ጣደች። እራት ይዛ ስትገባ አባቷ በቀኝ እጃቸው መዳፍ አፋቸውን ከድነው ተቀምጠዋል። እጁን አንሥታ አበላቻቸው፤ ሲጨርሱ መለሱት። ሊተኙ ሲሉ የሚያሰሙት ማቃሰት እንኳ አልነበረም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ገብታ አየቻቸው፤ እጃቸው እዚያው ነው።

ስትደውልለት መነጽር ሻጩ ሱቁን ሳይከፍት እየሮጠ መጣ።

"ምን ብለሻቸው ነው?"

"ታቼ።"

ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና አዛውንቱን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ሊቆጣት ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። "እኛን ሲሉን እኮ ቢያንስ ደወል ነበረ" አለ። "ሲደወል ያበቃል። 'ሎኩዌሬ' በያቸው። ተናገር ማለት ነው። እሱ 'ሬ'ው አይቆረጥም፤ አመለኛ ግስ ነው።"

አባቷ ፊት ተንበረከከች። "ሎኩዌሬ፣ አባባ።"

እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። አዛውንቱ ከንፈራቸውን አረጠቡ። የወጣው ድምፅ ግን የነጎድጓድ አልነበረም፤ ቀጭን፣ ወደ ውስጥ የሚሸሽ ድምፅ ነበር።

"ሊቼት?"

መነጽር ሻጩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ምን አሉ?"

"'ይፈቀድልኛል?' ነው የሚሉሽ።" ሳይዞር ቀጠለ። "ይሄ እኮ የኛ ነው። የተማሪ። ሽንት ሲይዘን፣ ውሃ ሲጠማን፣ እጃችንን አውጥተን የምንለው። እሳቸው 'ሊቼት' ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።"

"አስተማሪ አልነበሩ?"

"ከዚያ በፊትስ? የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ነው እዚያው አዳሪ ቤት የገቡት ይባል ነበር። የሳቸውም አስተማሪ የባሰ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።"

ልጃቸው ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። እስካሁን 'ሴዴ' ስትል አባቷ የራሳቸውን የድሮ ድምፅ የሚሰሙ ይመስላት ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዴ፣ ሳትፈልግ፣ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣ ነበር። አሁን ግን ማንን ስታዝዝ እንደሰነበተች ገባት። ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ እግሩ ወለል የማይደርስ ልጅን ነበር።

"'ይፈልጋሉ?' እንዴት ነው የሚባለው?" አለች።

"'ትፈልጋለህ?' ነው የሚሆነው።"

"ይሁን። እንዴት ነው?"

መነጽር ሻጩ አሰበ። አሰበና ራሱን ነቀነቀ። "አላውቀውም። እሱን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።"

ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ እሷ ሰሞኑን የምታገላብጠውን የአባቷን የላቲን ሰዋስው መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወጣች። 'ትእዛዝ አንቀጽ' የሚለውን ምዕራፍ ታውቀዋለች፤ ገጾቹ በሾርባ እጇ ቆሽሸዋል። አለፈችው። ቃሉን ያገኘችው ከመጨረሻው አካባቢ፣ ሥርዓት ከማይጠብቁት ግሶች መሃል ነው። አጭር ነበር። አባቷን ምሳ እያበላች በልቧ ደጋገመችው።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሰነድ አረጋጋጩን ይዞ መጣ። ወጣት ነው፤ ትሑት፣ የቦርሳው ማንገቻ ትከሻውን ያጎበጠው። ወረቀቶቹን አዛውንቱ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ፈቃዳቸውን ራሳቸው መግለጽ አለባቸው" አለ። "በቃል ነው፤ ካልሆነም በፊርማ።"

"አማርኛው ጠፍቶባቸዋል" አለ ወንድሟ። "በላቲን ነው የሚግባቡት። እህቴ ታስተረጉማለች።"

"አስተርጓሚ ይቻላል። ያሉትን በትክክል እስካስተረጎሙ ድረስ" አለና ወጣቱ በአድናቆት አያት።

ወንድሟ እስክሪብቶውን አባቱ ጣቶች መሃል አስገባ። በቀስታ ነው ያስገባው፤ አውራ ጣታቸውን አቃንቶ፣ እንዳይወድቅ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ደርሶ ቆመ። አባቷ ቀና ብለው የልጃቸውን አፍ ጠበቁ።

"በይ እንጂ፣ እህቴ" አለ ወንድሟ።

አየችው። የሸሚዙ ኮሌታ ተልጧል። እሱም እንደሷ ደክሞታል፤ ይህ ነገር ዛሬ ቢያልቅ ሁለቱም የሚተኙት እንቅልፍ ታያት። ስክሪቤ ለማለት ትንፋሽ አይፈጅም። አባቷም ደስ ብሏቸው ነው የሚጽፉት፤ በሚያምረው የእጅ ጽሕፈታቸው፣ ሳይሳሳቱ።

"ቪስ?" አለች። ትፈልጋለህ?

የአዛውንቱ ቅንድብ ተሰበሰበ። እስክሪብቶው አልተንቀሳቀሰም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ወንድ ልጃቸውን፣ ማን እንደሆነ ለመለየት የሚታገሉ በሚመስል አኳኋን አዩት፤ ቤቱን፣ መደርደሪያውን፣ መስኮቱን። ከውጭ የሕፃናት ጩኸት ይሰማል።

"ድገሚላቸው፤ አልሰሙሽም" አለ ወንድሟ።

አልደገመችም።

"ኔሺዮ" አሉ አባቷ።

የጠዋቱ ቀጭን ድምፅ አይደለም። ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የተሰላቸ፣ በገዛ ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ድምፅ ነው።

ሰነድ አረጋጋጩ ብዕሩን አዘጋጅቶ ቀና አለ። "ምን አሉ?"

ወንድሟም ያያታል። ፊቱ ላይ ተስፋ አለ። እዚህ ክፍል ውስጥ የተባለውን የሚያውቅ ከሷ በቀር ማንም የለም። ቃሉን ታውቀዋለች፤ መነጽር ሻጩ ተማሪ ሳለ ለሚጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው እሱን ብቻ እንደነበር እየሳቀ አጫውቷታል። በምትኩ 'እሺ' ብትል ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው። ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ናት። ወንድሟ ይመሰክርላታል፤ ወጣቱ ይጽፋል፤ አባቷም አይክዷትም።

እጇን ዘርግታ እስክሪብቶውን ከአባቷ ጣቶች መሃል አወጣች።

"'አላውቅም' ነው ያሉት" አለች ወጣቱን። "እንደዚያው ብለው ይጻፉት።"